ሁለት እጅ ውኃ፣ አንድ እጅ ስኳር

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 4 ቀን 2020

ይድረስ ለእትዬ ማንያህልሻል፣

ሰላምታዬን ሳላንዛዛ ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ደውዬ የሚያነሳ ሰው ካጣሁ ምን ልሁን? ስልክ ላንቺ እንደማይሆን አላጣሁትም፤ ጆሮሽን በልጅነትሽ ማጅራት ገትር ወስዶታል፤ በዚህ ዘመን እንደ ጥንት ሰው በወረቀት የምንጻጻፈውም ለዚህ ነው። የእማዬ ጆሮ ግን ምን ነካው ብዬ ነበር። ስልኩ ወድቆ መሰበሩን፣ የእሷም ድምፅ በሳሉ ምክንያት መዘጋቱን ከደብዳቤሽ ገና አሁን አወቅኩ። ሐኪሙ "አታናግሯት" ካለ ምን ይደረጋል። አንቺ ከከንፈሯ ታነቢያለሽ፣ እኔ ካንቺ ወረቀት አነባለሁ። እማዬን የምትሰማት ጆሮ የሌላት ልጇ ብቻ ሆነች ማለት ነው፤ ይህን ስትነግሪያት እንደምትስቅ ይታየኛል።

ነሐሴ ላይ "ልምጣ ወይ?" ስልሽ "ተሽሏታል፣ ልጅሽንና ሥራሽን ይዘሽ ተቀመጪ" አልሽኝ። ተቀመጥኩ። አሁንም ደግሜ እጠይቅሻለሁ፦ አሁኑኑ ልምጣ ወይስ ለገና ይደርሳል? እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። እናቴን በሕይወት እያለች አንድ ጊዜ ማየት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምኞት የለኝም።

አሁን ደግሞ እንዳትስቂብኝ። ለእማዬ የምታደርሺልኝ አንድ ጥያቄ አለ። እዚህ አገር በጥቅምት መጨረሻ ሃሎዊን የሚሉት ነገር አለ። ሰዉ በራፉ ላይ አጽም፣ ሸረሪት፣ መንፈስና የውሸት መቃብር ይደረድራል፤ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ ከረሜላ ይለምናሉ። ቡሄ ነው በይው፤ ጅራፉን ትተሽ ሰይጣን ጨምሪበት። ሀሴት ከማርች ጀምሮ ትምህርቷ በኮምፒውተር ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት የሞላትም እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ምግብ ሳደርስ ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ የሰዉን ግቢ ታያለች። ባለፈው ፎቅ የሚያክል አጽም አይታ "ማሚ፣ እኛስ?" አለችኝ። እኛም እንሠራለን የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

ከምሠራበት መጋዘን ካርቶን አመጣሁ። ከርካሽ ዕቃ መደብር ደግሞ ሻሽ፣ ፊኛ፣ ጥቁር ወረቀት ገዛሁ። ካርቶኑን ቆርጠን የሌሊት ወፍ፣ የእንቁላል መያዣውን ቀብተን ሸረሪት አደረግነው። የቸገረኝ መንፈሱ ነው። ፊኛ ነፍተሽ ጠርሙስ አፍ ላይ ታስቀምጪና ሻሹን የሚያደርቅ ነገር ውስጥ ነክረሽ ታለብሺዋለሽ፤ ሲደርቅ ፊኛውን ታፈነጂዋለሽ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ራሱን ችሎ ይቆማል። ይኼ የእማዬ ዳንቴል አይደለም ወይ? በስኳር ውኃ ነክራ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍታ፣ የፍራፍሬ ማስቀመጫ አድርጋ ታቆመው የነበረው! እስቲ ጠይቂልኝ፤ ስኳሩ ስንት እጅ ነው፣ ውኃውስ?

ሐምራዊት


አሰላ
ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሐምራዊት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን ሀሴት እንደምን ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። ትናንት ቤታችን ሰው ሞልቶት ነበር። ጠላው፣ ወጡ፣ ዳቦው፣ ሳምንቱን ሙሉ እጄ ብዕር አልያዘም። የድግሱን ምክንያት ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ የሰፈር ጉዳይ ነው።

"ልምጣ ወይ?" ላልሽው፣ አትምጪ። በዚህ በበሽታ ዘመን አውሮፕላን ላይ ምን አወጣሽ? መንገድ ቢዘጋብሽ ልጅሽ ለማን ትሆናለች? ዓለምን በስልኳ "ቪዲዮ አንሺልኝ" ማለትሽንም ነገረችኝ። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ደብዳቤያችንን ፎቶ እያነሳች መላኳ ሳያንስ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂያት። እማዬ "ከስቻለሁ፣ ፎቶ አልነሳም" ብላለች።

ጥያቄሽን አድርሻለሁ። መንፈስ ልትሠሪ እንደሆነ ስነግራት ትንሽ አሰበችና ምን አለች መሰለሽ? "ስታገባ ያልጠየቀችኝን፣ አሁን ጋኔን ስታለብስ ጠየቀችኝ? በይ ቁመቱን በደንብ ለኪው በያት፤ እንደ ባሏ አጥሮ እንዳይቀርባት" አለች።

ልኩም ሁለት እጅ ውኃ፣ አንድ እጅ ስኳር ነው። አፍልተሽ ንከሪው ብላለች።

የውሸት መቃብር ያልሽውን ግን ተዪው። ይህን የምለምንሽ እኔ ነኝ። ሰው በገዛ በራፉ ላይ መቃብር አያቆምም፤ ሟርት ነው። ለልጅ ጨዋታ ቢሆንም አያስፈልግም።

እህትሽ ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ኦክቶበር 25 ቀን 2020

እትዬ፣

የእማዬን ቀልድ ለሥራ ጓደኞቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ሦስት ቀን ሳቅንበት። ከሀሴት አባት ከተለያየን ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ቁመቱን እኮ በሠርጌ ቀን ነበር የነገረችኝ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። መቃብሩንም እንዳልሽው ትቼዋለሁ፤ ሀሴት እስካሁን አኩርፋለች።

ስኳሩ ግን ጉድ አደረገኝ። በሰጠሽኝ ልክ አፍልቼ ሰባት መንፈስ አለበስኩ። ሁለት ቀን ጠበቅነው፤ አልደረቀም። በሦስተኛው ቀን ሀሴት ፊኛውን በመርፌ ብትወጋው ሻሹ ጠርሙሱ ላይ ተኛ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ሰባቱም። ወለሉ በጉንዳን ተሞላ። ታች ቤት ያለችው ኸይሪያ መጥታ ስትጠርግልኝ "አንቺ ልጅ፣ ሰይጣኑን ሽሮፕ ነው እንዴ ያጠጣሽው?" አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ስትሄድ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

እትዬ፣ እማዬ አርባ ዓመት ሙሉ ዳንቴል አቁማለች። አሰላ ውስጥ ያለ እሷ ዳንቴል የተዳረች ሙሽራ የለችም። ልክ ተሳስታ አታውቅም። ከእንቅልፏ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂያት እንኳ አትስትም። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አእምሮዋ እየከዳት ነው፣ ወይም ደግሞ... ያንን አልጽፈውም። አእምሮዋ ከሆነ ንገሪኝ። እኔን ሳትረሳ ልድረስባት። ለኖቬምበር 6 ቲኬት አይቻለሁ።

መንፈሶቹን በመጨረሻ የትምህርት ቤት ነጭ ሙጫ በውኃ በጥብጬ አቆምኳቸው። በራፋችን ፊት ለፊት፣ ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች ይመስላሉ። የከረሜላው ልመና በዚህ ከተማ ዘንድሮ ሐሙስ ነው። ዋናው ቀን ቅዳሜና እሁድ ላይ ከዋለ ወደ ሐሙስ ያመጡታል። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ሀሴት በጣቷ እየቆጠረች ነው።

መልስሽን ቶሎ።

ሐምራዊት


አሰላ
ጥቅምት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሐምሪዬ፣

ቲኬቱን አትቁረጪ። ልኩን ምናልባት እኔ ከከንፈሯ በደንብ ሳላነበው ቀርቼ ይሆናል።

የእኛው የአሰላ ሰው፣ የእድራችሁ ሊቀ መንበር ጋሽ ከተማ ቅዳሜ ጠዋት ቤትሽ ይመጣሉ። ከእኛ የተላከ ነገር ስላላቸው ሥራ እንዳትገቢ። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ፤ ያን ደረጃው ላይ የደረደርሽውን ነገር ከቅዳሜ በፊት አንሺው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ኖቬምበር 9 ቀን 2020

ማንያህልሻል፣

ይህ ደብዳቤ ሰላምታ የለውም።

መንፈሶቹን አላነሳኋቸውም። ሀሴት "እስከ ቅዳሜ" ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጋሽ ከተማ በርበሬ ወይ ሽሮ ይዘው የሚመጡ መስሎኝ፣ ለበርበሬ ብዬ የልጄን ደስታ አላፈርስም አልኩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በር ተንኳኳ። ሀሴት ቀድማኝ ከፈተች። ጋሽ ከተማ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ከኋላቸው ኸይሪያና ሌሎች አራት ሴቶች ተከናንበው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው፣ እኔ በሠራኋቸው በሰባቱ መንፈሶች መካከል ቆመዋል። ልጄ አየቻቸውና ሳቀች። "ዩ ጋይስ አር ሶ ሌት! ኢት ዋዝ ተርስዴይ!" አለቻቸው። ዘገያችሁ እኮ፣ ሐሙስ ነበር ማለቷ ነው። ከዚያ ሮጣ የተረፈውን ከረሜላ በሳህን አመጣችና አንድ አንድ አደለቻቸው። ሰዉ ምን ያድርግ? ተቀበላት። ጋሽ ከተማ የእናቴን ሞት የነገሩኝ ከረሜላ በእጃቸው ጨብጠው ነው።

እማዬ ያረፈችው ነሐሴ 28 ነው አሉኝ። ቀን መቁጠሪያ አይቼ አወጣሁት። ሐሙስ ነበር። ልጄ ሳታውቀው ልኩን ተናግራለች፤ ሐሙስ ነበር፣ ዘግይተዋል።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። "ትናንት ቤታችን ሰው ሞልቶት ነበር" ያልሽኝ አርባዋ ነበር። "የሰፈር ጉዳይ" አልሽው! እኔ የሞተች ሴት ስኳር ስንት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ከአርባዋ ድግስ በማግስቱ ተቀምጠሽ ትመልሺልኛለሽ። ያ ቀልድስ? ሦስት ቀን የሳቅኩበት ቀልድ የማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን አስቀሽኝ አታውቂም። ለማሳቅ የእሷን አፍ መዋስ ነበረብሽ?

መርዶ ለብቻዋ ላለች ሴት በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፣ ጋሽ ከተማም ኮሮና ይዟቸው ተኝተው ነበር አሉኝ። እሺ፣ ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም ለሰው መርዶ ሄጄ አውቃለሁ። እሱን ይቅር ልልሽ እችል ነበር። እኔ የምጠይቅሽ ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ነሐሴ 20 "ተሽሏታል፣ አትምጪ" ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ እንደማትተርፍ ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም? ይህን ብቻ መልሽልኝ።

ሐምራዊት


አሰላ
ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐምራዊት፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ። ይህን ቃል በጊዜው ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ እጄ ይቆረጥ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ አውቅ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን ሐኪሙ ጆሮዬ እንደማይሰማ አይቶ በወረቀት ጻፈልኝ። "ልጆቿን ጥሪ" ይላል። ወረቀቱ አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ። በማግስቱ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። "ልምጣ ወይ?" ይላል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ቀን ሙሉ አየኋቸው።

ለሰዉ ሁሉ "ለልጇ ብዬ ነው፣ ለሥራዋ ብዬ ነው" ብያለሁ። ለንስሐ አባቴም እንደዚያው ብያለሁ። ላንቺ ግን እውነቱን ልጻፍልሽ። እማዬን አሥራ ስድስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠራው አንቺን ነበር። አትሰማኝም ብላ ቀስ ብላ ነበር የምትጠራሽ። ረስታው ነው እንጂ እኔ ከንፈር አነባለሁ። "ሐምሪ" ሲባል ከንፈር እንዴት እንደሚገጥም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ብትመጪ በአንድ ሻንጣ ገብተሽ በአንድ ሌሊት ልጇ ትሆኚያለሽ፤ እጅሽን ይዛ ትሞታለች፣ እኔ ውኃ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ይህን ማየት አቃተኝ። ቢያንስ ሞቷ የእኔ ይሁን አልኩ። በዚያ ሐሙስ ከእኔ በቀር አጠገቧ ማንም አልነበረም። ያኔም የጠራችው አንቺን ነው።

ቀልዱ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲቀልድ የከረመ ከንፈር ሳነብ ኖሬ አንድ እንኳ ባይወጣኝ ይገርም ነበር።

ልኩንም አላውቀውም፤ ከራሴ ነው የሰጠሁሽ። እማዬ ዳንቴል ስታደርቅ ከጎኗ የምትቀመጪው አንቺ ነበርሽ። እኔን ወፍጮ ቤት ትልከኝ ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ማንያህልሻል


አሰላ
ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሐምራዊት፣

ይህ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አራቱን ዓለም ፎቶ አንስታ እንደላከችልሽና እንዳነበብሻቸው አሳይታኛለች። መልስ እንደሌለው ግን እኔም አያለሁ። ነሐሴ ላይ ሙት ዓመቷን አወጣሁ። በጸሎቱ ያንቺም ስም ተጠርቷል።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ይቅርታ አይደለም። እማዬ በእጇ ከሠራቻቸው ዳንቴሎች የቀረችኝ አንዲት ናት፤ ያቺ ዳሯ ቅጠል ቅጠል የሆነችው ሳህን። ሌላውን ለቀስተኛው ለማስታወሻ እያለ ወስዶታል። የእማዬን ፎቶ እሷ ላይ አቁሜ ነበር። አቧራ ሲበዛባት ጊዜ ለሙት ዓመቱ ትንጻ ብዬ አጠብኳት። ከውኃ ሳወጣት በእጄ ላይ ተጠቀለለች። አደረቅኳት፣ አልቆመችም። ጨርቅ ሆነች። ፎቶው አሁን ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። እኔ ዳንቴል ማጠብ ማለት ስኳሩን ማጠብ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ዓለም ፌስቡክ ላይ ያወጣሽውን ፎቶ አሳየችኝ። ሀሴት አድጋለች፤ እግሯ የእማዬ ነው። ከአጠገቧ መንፈሶቹ ተደርድረዋል። ዘንድሮ በስኳር እንደቆሙ ጽፈሻል አለችኝ። ልኩን አግኝተሽዋል ማለት ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ ስኳሩ ስንት እጅ ነው፣ ውኃውስ?

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ኦክቶበር 30 ቀን 2021

እትዬ ማንያህልሻል፣

ደህና ነኝ። ሀሴትም ደህና ናት። ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አዎ፣ ልኩን አግኝቼዋለሁ። መስከረም ላይ ሀሴት "ዚስ ዪር ዊ ዱ ግራንድማስ ዌይ" አለችኝ፤ ዘንድሮ በአያቴ መንገድ እንሥራው ማለቷ ነው። አያቷ ያን ልክ እንዳልሰጠችን አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ ልንገራት? ከሥራ ስመለስ ምድጃው ላይ ስኳር ሳሟሟ ከረምኩ። ስድስት ጊዜ አበላሸሁት። በሰባተኛው ማንኪያውን ሳነሳ አንድ ጠብታ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ወደቀች። ቆመች። አልፈሰሰችም። ያኔ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እማዬ ከድስቱ ጠብ ታደርግና ጥፍሬ ላይ ታስቀምጣለች፤ ከፈሰሰ ገና ነው፣ ከቆመ ደርሷል። ከዚያ ጣቴን አፌ ውስጥ ትከተዋለች። ልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ጣቴ ላይ ነበር፤ እኔ አሰላ ድረስ እጠይቃለሁ።

ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ተሰብስቦ ካስለቀሰኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው እናቴ የሞተችብኝ።

ዘንድሮም ልመናው ሐሙስ ዋለ። ሰባቱም ቆመዋል። እንደ ብርጭቆ ደርቀው፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ፣ ብቻቸውን ቆመዋል። ልጆቹ እየነኩ አለፉ። ኸይሪያ ጋር ሻይ ልትጠጣ የመጣችው እህቷ ሩቅያ "ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። እናቴ አልኳት። ሀሴት ዘንድሮ የካርቶን መቃብር ሠርታ አቆመች። አልከለከልኳትም። አንቺ የእማዬን አፈር አይተሻል፣ እኔ ካርቶኑን አየሁ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ልኩን በትክክል ጽፌልሽ፣ "ጥፍርሽ ላይ ሞክሪው" ብዬሽ ነበር። ቀደድኩት። በሁለተኛው ተሳድቤ ነበር። እሱንም ቀደድኩት። ከዚያ ያን የሐኪሙን ወረቀትና የእኔን ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንድ ቀን ሙሉ ስታያቸው ታየሽኝ።

ፎቶዋ ተኝቷል ብለሻል። ስለዚህ ላንቺ ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። ድምፅ የላትም፣ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። ሁለት እጅ ውኃ፣ አንድ እጅ ስኳር አለች።

እህትሽ ሐምራዊት